«ነፃ» ማለት ባለቤት የሌለው ማለት አይደለም፦ ስለ ሶፍትዌር ፈቃድ፣ ስለ ሐቅ እና በየቢሯችን ስላሉ ኮምፒውተሮች

ባለፈው ሰሞን አንድ የመድረሳ ኮሚቴ ኮምፒውተሮቹን እንድናይለት ጠይቆን ሄደን ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ከዚያ ቀን ወዲህ ለተጨማሪው አገልግሎት ያልተመዘገበ ማሽን የደህንነት ማሻሻያ አይደርሰውም። የመድረሳው ማሽኖች ደግሞ ዕድሜያቸው ስለገፋ ዊንዶውስ 11ን አይቀበሉም። ኮሚቴው የፈለገው «ምን ይሻላል?» ለሚለው መልስ ነበር። ቁርኣን የሚያስቀሩት ኡስታዝ ግን ሌላ ጥያቄ አነሱ። ፕሮግራሞቹን የጫነውን ልጅ ጠርተው «ለመሆኑ ይሄ ሁሉ በማን ፈቃድ ነው የተጫነው?» አሉት። «ነፃ እኮ ነው ኡስታዝ» አለ ልጁ ፈገግ ብሎ።

ነፃ አልነበረም። ዊንዶውሱም፣ ኦፊሱም፣ የፎቶ ማስተካከያውም ክራክ የተደረጉ ነበሩ። ጥግ ላይ በተቀመጠ አንድ አሮጌ ማሽን ላይ ግን አንድ በጎ ፈቃደኛ ትቶት የሄደ ኡቡንቱ ተጭኖ አገኘን። ማንም አይነካውም። ስለሱ ስንጠይቀው ልጁ የመለሰው ያንኑ ነው፦ «እሱም ነፃ ነው።»

ልጁን ለመውቀስ አልደፈርንም። የኛም ዝግጅት ክፍል የመጀመሪያ ባነሮች የተሠሩት ከመርካቶ በፍላሽ ተጭኖ በመጣ ፕሮግራም ነው፤ ያኔ ማናችንም «የማን ነው?» ብለን አልጠየቅንም። የኡስታዙ ጥያቄ ግን አብሮን ወጣ። አንድ ቃል ለሁለት እጅግ የተለያዩ ነገሮች ሲውል፣ አንዱ ሐቅን መጣስ ሌላው ሐቅን መስጠት ሆኖ ሳለ፣ ነገሩን ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ዐረብኛ ለሚያውቁ አንባቢዎቻችን ልዩነቱ ቀላል ነው። ዐረብኛው «መጃኒ» ሲል ያለ ክፍያ የተሰጠ ማለቱ ነው፤ «ሑር» ሲል ደግሞ ነፃ የወጣ፣ ያልታሰረ ማለቱ ነው። በአማርኛችን ሁለቱም «ነፃ» ናቸው። ስለ ነፃ ሶፍትዌር ሲወራ የሚፈለገው ትርጉም ሁለተኛው ነው፤ ሑር። ዋጋ ሊጠየቅበትም ይችላል። መርካቶ በፍላሽ የሚሸጠው ክራክ ግን መጃኒም ሑርም አይደለም። ሻጩ ሃምሳም ይቀበል መቶ ብር፣ የሚሸጠው የራሱ ያልሆነውን ነው።

ፈቃድ የሚሰጠው ባለቤት ነው

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ፕሮግራም የጻፈ ሰው መጽሐፍ እንደጻፈ ሰው በሥራው ላይ የቅጂ መብት ያገኛል። ለዚህ ማስመዝገብ አያስፈልገውም። የአገራችን የቅጂ እና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍና ከመሰል ሥራዎች ጋር አንድ ላይ ይቆጥረዋል። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። እንግዲህ ፈቃድ ማለት ይህ ባለመብት ለሌላው የሚሰጠው ቃል ነው፤ ይህን ማድረግ ትችላለህ፣ ይህን አትችልም የሚል። ፈቃድ ከሌለ መገልበጥም፣ ማሰራጨትም፣ መለወጥም የባለመብቱ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እንደ ዊንዶውስ ያለው የግል ፈቃድ ከቤት ኪራይ ጋር ይመሳሰላል። ገንዘብ ከፍለን የምናገኘው ፕሮግራሙን ሳይሆን በተወሰነ ማሽን ላይ የመጠቀም መብትን ነው። የተጻፈበትን ኮድ አናይም፣ አንለውጠውም፣ ለጎረቤት አናካፍለውም። አከራዩ «ከዛሬ በኋላ ጣራውን አልጠግንም» ካለ ደግሞ ራሳችን መጠገን አንችልም። ዊንዶውስ 10 ላይ የሆነው ይኸው ነው። ይህን ስንል ኩባንያውን በዳይ ማድረጋችን አይደለም። ውሉ ከመጀመሪያውም እንዲህ ነበር። እንደ ብዙ ውሎቻችን ሳናነበው ፈረምን እንጂ።

ሌላው መንገድ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 27 ቀን 1983 ሪቻርድ ስታልማን የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር ግኑ የተሰኘውን ፕሮጀክት ባሳወቀ ጊዜ ነው። ስታልማን አንድ ፕሮግራም ሑር ነው የሚባለው ተጠቃሚው ለፈለገው ዓላማ ሲያሠራው፣ ኮዱን አይቶ ሲለውጠው፣ እንዳለ ሲያካፍለው፣ የለወጠውንም ሲያካፍል የሚከለክለው ከሌለ ነው አለ። ጂፒኤል የሚባለው ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ1989 ወጣ። ሊነስ ቶርቫልድስ የሊኑክስን ከርነል በ1991 ጽፎ በ1992 በዚሁ ፈቃድ ስር አደረገው። ዛሬ እጃችን ላይ ያለው የአንድሮይድ ስልክ ሁሉ ውስጡ ሊኑክስ ነው።

ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ስታልማን የቅጂ መብትን አልሻረም፤ ተጠቅሞበታል። ጂፒኤል የሚለው በአጭሩ ይህን ነው፦ ይህ ሥራ የኔ ነው፤ የኔ ስለሆነም ሁኔታውን የምወስነው እኔ ነኝ። ውሰዱ፣ ለውጡ፣ ሽጡም፤ ለሌላው ስታስተላልፉ ግን እኔ የሰጠኋችሁን ነፃነት አብራችሁ ስጡ፣ ኮዱን አትደብቁ። የቅጂ መብት ባይኖር ጂፒኤል ባዶ ወረቀት ነው፤ ማንም ኮዱን ወስዶ ይቆልፈዋል፣ የሚጠይቀውም የለም። ኤምአይቲ እና ቢኤስዲ የሚባሉት ፈቃዶች ከዚህ ይለዝባሉ፤ የጸሐፊውን ስምና የፈቃዱን ጽሑፍ አትጥፉ ከማለት ብዙም አያልፉም። እነሱም ቢሆኑ ባለቤት ያላቸው ናቸው።

ወቅፍን ለሚያውቅ ሰው

ይህን ነገር ለሙስሊም አንባቢ ለማስረዳት ከወቅፍ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። አንድ ሰው የውሃ ጉድጓድ አስቆፍሮ ወቅፍ ሲያደርገው ጉድጓዱ ሜዳ ላይ የተጣለ ነገር አይሆንም። መንገደኛው ይጠጣል፣ ከብቱን ያጠጣል፣ ማንም «ክፈል» አይለውም። አጥሮ «የኔ ነው» ሊል ግን አይችልም። ወቅፍ ማድረግ የሚችለውም የንብረቱ ባለቤት ብቻ ነው፤ የሌላ ሰው መሬት ወቅፍ አይደረግም። በፊቅህ መጻሕፍት ደግሞ ወቅፍ ያደረገው ሰው ያስቀመጠው ሁኔታ ትልቅ ክብደት አለው፤ ለተማሪዎች ብሎ የሰጠውን ቤት ለንግድ ማከራየት አይቻልም። ጂፒኤልም በጥቅሉ እንዲሁ ነው። ክራክ ግን የሰው ጉድጓድ ላይ የተሰበረ ቁልፍ ነው።

ምሳሌው እስከ መጨረሻው አይሄድም፤ ይህን ሳንናገር ብናልፍ አንባቢን ማሳሳት ይሆናል። ወቅፍ በመሠረቱ ዘላቂ ነው፣ የቅጂ መብት ግን ጊዜው ሲያልፍ ያበቃል። ደግሞም የጂፒኤል ፕሮግራም ባለቤት ያንኑ ሥራውን ለአንድ ኩባንያ በሌላ፣ በተዘጋ ፈቃድ መሸጥ ይችላል፤ ይህን የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። ወቅፍ ያደረገ ሰው እንዲህ አያደርግም። ሸሪዓዊ ብያኔውን ለኡለማዎች እንተዋለን። እኛ የምንለው ሁለቱም ከባለቤትነት የሚነሱ ናቸው ነው።

ፍርድ ቤቶችም የደረሱበት ይህንኑ ነው። በአሜሪካ ለሞዴል ባቡሮች መቆጣጠሪያ የሚሆን ክፍት ፕሮግራም የሠራ ጄኮብሰን የተባለ ሰው ነበር። ካትዘር የተባለ ተፎካካሪ ከኮዱ ወስዶ የደራሲዎቹን ስምና የፈቃዱን ማስታወቂያ ሳይጠብቅ በራሱ ምርት ውስጥ አስገባው። የሥር ፍርድ ቤቱ ይህ ቢበዛ የውል ጉዳይ ነው ብሎ አየው። የፌዴራል ሰርኪዩት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በኦገስት 2008 ያንን ውሳኔ ሽሮ፣ ገንዘብ ባይጠየቅበትም በክፍት ፈቃድ ላይ የተቀመጠውን ሁኔታ መጣስ የቅጂ መብት ጥሰት ሊሆን ይችላል አለ። ከዚያ በፊት «በነፃ የሰጠ ሰው ምን አጣሁ ብሎ ይከሳል?» የሚለው ክርክር ለብዙዎች አሳማኝ ይመስል ነበር።

ሌላው ከቤታችን የማይርቅ ምሳሌ ራውተር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የሊንክሲስ ኩባንያ አንድ የዋይፋይ ራውተር ውስጡ ሊኑክስ መሆኑን ፕሮግራመሮች ደረሱበት፤ ፈቃዱ እንደሚያዘው ግን ኮዱ አልተለቀቀም ነበር። ግፊት ሲበዛ ኮዱ ወጣ፤ ከዚያም ኦፕን ደብልዩአርቲ የሚባለው፣ ዛሬ በብዙ ዓይነት ራውተሮች ላይ የሚጫነው ሲስተም ተወለደ። የሊንክሲስ ባለቤት ሲስኮም እ.ኤ.አ. በ2008 በነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ተከሶ በ2009 በስምምነት ጨረሰ። እንግዲህ «ነፃውን» የሰረቀ ትልቅ ኩባንያም፣ «የግሉን» የሰረቀ የሰፈር ሱቅም የሚጠየቁት በአንድ ዓይነት መብት ነው።

በነገራችን ላይ ስታልማን «የአእምሮ ንብረት» የሚለውን ስያሜ አይወደውም። የቅጂ መብትን፣ ፓተንትንና የንግድ ምልክትን አንድ ከረጢት ውስጥ ጨምሮ ሰው ያደናግራል ይላል። ነጥብ አለው። የፋየርፎክስ ኮድ ሑር ነው፤ ስሙና አርማው ግን የሞዚላ የንግድ ምልክት ነው። በዚህ ምክንያት ዴቢያን የሚባለው ሲስተም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ያንኑ ብራውዘር በሌላ ስም ሲያሰራጭ ቆይቷል። ኮዱን መውሰድ ስሙን መውሰድ አይደለም።

የሕጉ ክፍተት እና የኛ ሐቅ

አሁን ወደሚከብደው እንምጣ። ሕግ የሚያውቁ ወዳጆቻችን እንዲህ ይሉናል፦ አዋጁ የሚጠብቀው በመሠረቱ የኢትዮጵያውያንን ወይም ነዋሪነታቸው በኢትዮጵያ የሆኑ ሰዎችን ሥራ፣ በኢትዮጵያ የታተሙ ሥራዎችን እና አገሪቱ በገባችባቸው ስምምነቶች የሚጠበቁ ሥራዎችን ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ የበርን ስምምነት ከሚባለው የቅጂ መብት ቃል ኪዳን ውጭ ለረጅም ዘመን ቆይታለች። ስለዚህ ውጭ አገር የተሠራ ፕሮግራም እዚህ ክራክ ቢደረግ ባለቤቱ በኛ ፍርድ ቤት የሚቆምበት መሬት ጠባብ ነው። ይህ እውነት ነው። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ይዝናናል።

ክፍተቱ ግን ለዘላለም የሚኖር አይመስልም። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ድርድሩ እንደገና ተፋጥኗል። የድርጅቱ የአእምሮ ንብረት ስምምነት አባል አገሮች የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ሥነ ጽሑፍ ሥራ እንዲጠብቁ ያስገድዳል። በሩ ሲከፈት የሚፈተሹት ትልልቅ ተቋማት ብቻ አይሆኑም፤ የዲዛይን ቤቶች፣ የማተሚያ ቤቶች፣ የሚዲያ ቢሮዎችም ተራቸው ይደርሳል።

ይሁንና ፍተሻን መፍራት ለኛ ዋናው ምክንያት ሊሆን አይገባም። የኡስታዙ ጥያቄ ስለ ፖሊስ አልነበረም። በእስልምና ትብብር ድርጅት ስር ያለው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ በ1409 ሂጅሪ (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1988) ኩዌት ላይ በ43ኛው ውሳኔው የንግድ ስም፣ የንግድ ምልክት፣ የድርሰትና የፈጠራ መብቶች የባለቤቶቻቸው ሐቅ መሆናቸውን፣ በዘመናችን ልማድ የገንዘብ ዋጋ ያላቸው መሆናቸውን እና እነሱን መድፈር እንደማይፈቀድ ወስኗል። የሳዑዲ የፈትዋ ቋሚ ኮሚቴም ባለቤቶቻቸው የከለከሏቸውን የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ያለ ፈቃድ መገልበጥ እንደማይቻል ፈትዋ ሰጥቷል። መሠረት ያደረገውም ሙስሊም በገባበት ሁኔታ መታሰሩንና የሰው ገንዘብ ያለ ፍላጎቱ አለመወሰዱን ነው። ባለቤቱ ሙስሊም አለመሆኑም ነገሩን አይለውጠውም፤ «የካፊር ኩባንያ ነው» እየተባለ ሱቅ ውስጥ የሚነገረው ምክንያት ያኔውኑ መልስ አግኝቷል።

ይህ ማለት ኡለማዎች ከመጀመሪያው አንድ ድምፅ ነበሩ ማለት አይደለም። የፓኪስታኑ ታላቅ ዓሊም ሙፍቲ ሙሐመድ ሸፊዕ የድርሰት መብትን እንደሚሸጥ ንብረት ማየትን አልተቀበሉትም ነበር። ዕውቀት ሊታጠር አይገባም፣ መብት ብቻውን እቃ አይደለም የሚል ሐሳብ የቀድሞዎቹ ዑለማዎች ዘንድ የሚናቅ አልነበረም። ልጃቸው ሙፍቲ ተቂ ዑስማኒ ግን የዘመኑን ልማድ አይተው መብቱ ተቀባይነት እንዳለው ጻፉ። በአባትና በልጅ መካከል ያለው ይህ ልዩነት ጥያቄው ቀላል እንዳልነበረ ያሳያል። እኛን የሚገርመን ሌላ ነው፦ አባትየው የፈሩት፣ የዕውቀት መታጠር፣ ነፃ ፈቃዶቹ መልስ ሊሰጡበት የተነሱበት ጉዳይ ራሱ መሆኑ። የልጁን አቋም ተቀብሎ የአባቱን ስጋት የሚያከብር መንገድ ቢኖር ይኸው ነው፤ ባለቤቱ መብቱን ይዞ፣ በገዛ ፈቃዱ ሲከፍተው።

ዋጋ የለም ወይ? አለ። የአንድ የዲዛይን ፕሮግራም ወርሃዊ ክፍያ በዶላር ተመንዝሮ ሲመጣ ለአንድ ወጣት የደመወዙ ትልቅ ክፍል ነው፤ ከኢትዮጵያ በባንክ ካርድ ለመክፈል መቻሉም ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ለችግረኛ ተማሪ፣ ለግል ጥቅምና ለንግድ በሚውለው መካከል የለዩ ኡለማዎች እንዳሉም እናውቃለን። የግል ጉዳይ ያለበት ሰው የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ። የመስጂድና የመድረሳ ነገር ግን የተለየ ነው። በሶደቃ የተገዛ ኮምፒውተር ላይ፣ ሶደቃ የሚጠየቅበትን ፖስተር፣ ባልተፈቀደ ፕሮግራም መሥራት ለማንም የሚዋጥ ነገር አይመስለንም። ገንዘባችን ከወለድ እንዲጸዳ ለዓመታት ጠይቀን ዘምዘምና ሒጅራ ባንኮች እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ሲጀምሩ ያየን ሰዎች ነን። ያ ጥንቃቄ የሒሳብ ደብተሩ ላይ ብቻ ቆሞ ሒሳቡን ወደሚሠራው ፕሮግራም የማይሻገረው ለምንድን ነው?

በዚያ ላይ ራሳችን ሲደርስብን እንጮሃለን። የነሺዳና የመንዙማ አልበሞች በወጡ ሰሞን በፍላሽና በቴሌግራም ሲበተኑ «የወንድማችን ሐቅ ተበላ» እንላለን፤ ልክም ነን። ያንን ነሺዳ የቀዳው ስቱዲዮ በምን ፕሮግራም እንደቀዳው ግን አንጠይቅም።

የተዘጋ በር ውስጥ ምን አለ?

ነገሩ ስለ ባለቤቱ ሐቅ ብቻ ቢሆን እዚህ ላይ ባበቃን። የተጠቃሚውም ሐቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ማዘርቦርድ የተባለው የቴክኖሎጂ ሚዲያ፣ በብዙ አሥር ሚሊዮኖች ስልኮች ላይ የተጫነው ሙስሊም ፕሮ የተሰኘ የሶላት ሰዓትና የቂብላ መተግበሪያ የተጠቃሚዎቹን መገኛ ቦታ መረጃ ኤክስ ሞድ ለሚባል ኩባንያ ሲያስተላልፍ እንደነበር ዘገበ። ኤክስ ሞድ ደግሞ መረጃ ከሚሸጥላቸው መካከል የአሜሪካ ጦር ሥራ ተቋራጮች ነበሩ። ሙስሊም ፕሮ ለጦሩ በቀጥታ መረጃ አልሸጥኩም ብሎ አስተባብሎ፣ ከኤክስ ሞድ ጋር የነበረውን ግንኙነት ግን ማቋረጡን አስታወቀ። በዚያው ወር ማግስት አፕልና ጉግል የኤክስ ሞድን ኮድ ከመተግበሪያዎች እንዲወጣ አዘዙ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ኩባንያው የአምልኮ ቦታዎችን የመሰሉ ሚስጥራዊ መገኛዎችን መረጃ እንዳይሸጥ የሚያግድ ትእዛዝ ላይ ደረሰ።

ለሱብሒ የሚቀሰቅሰን መተግበሪያ የት መስጂድ እንደምንሰግድ ለሌላ ይናገር እንደነበር ያወቅነው ጋዜጠኞች ስለቆፈሩ ነው። ፕሮግራሙ የተዘጋ ነው፤ ተጠቃሚው ውስጡን አይቶ «ይሄ መስመር ምን ይሠራል?» ብሎ የመጠየቅ መብት አልነበረውም። በሌላ በኩል በአንድሮይድ ላይ በሰፊው የሚታወቀው «ቁርኣን ፎር አንድሮይድ» ኮዱ በጂፒኤል ስር ለሁሉም ክፍት ነው። ክፍት መሆን ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ ማንም የማያነበው ክፍት ኮድ ከተዘጋው ብዙ አይሻልም። የሚያነብ ሲገኝ ግን የሚያስቆመው የለም፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ሁሉም ነገር ለመለወጥ ክፍት ይሁን የሚል ድምዳሜም የለንም። ታንዚል የተባለው ፕሮጀክት በጥንቃቄ የታረመ የቁርኣን ዲጂታል ጽሑፍ ያቀርባል፤ ብዙ መተግበሪያዎችና ድረ ገጾች የሚጠቀሙት እሱን ነው። ፈቃዱ ጽሑፉን እንዳለ መገልበጥና ማሰራጨትን ይፈቅዳል፤ መለወጥን ግን በግልጽ ይከለክላል። በስታልማን መለኪያ ይህ ጽሑፍ ሑር አይባልም። የአላህ ቃል የማንም ንብረት አይደለም፤ ጽሑፉን ያዘጋጁት ሰዎች የድካማቸውን መብት የተጠቀሙበት አንዲት ሐረካ እንኳ እንዳትዛባ ለመጠበቅ ነው። መለኪያው እዚህ ላይ ሲያንስ ያየን አይመስለንም፤ ፕሮግራምና ሙስሐፍ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው ያየነው።

«ክፍት ሶፍትዌር የልምምድ ነገር ነው፣ ቁም ነገር አይሠራበትም» ለሚሉ የአገራችንን ብሔራዊ መታወቂያ እናሳያቸው። ፋይዳ የተገነባው ሞሲፕ በሚባል ክፍት የመታወቂያ መድረክ ላይ ነው፤ ሕንድ ባንጋሎር ባለ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረ፣ በሞዚላ ፈቃድ የተለቀቀ ነው። ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ ሁለትም የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ክፍት ሥራ ነው። ሙስሊሙ ራሱም ሞክሮታል፦ ከኡቡንቱ ላይ ተነስቶ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በኋላ «ሰቢሊ» የተባለ፣ የሶላት ሰዓትና የቁርኣን ፕሮግራም አብሮት የሚመጣ ሲስተም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆመ። የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ጥቂቶች ነበሩ፤ የሚጠቀምበት እንጂ የሚደግፈው ብዙ አልነበረም።

ወደ መድረሳው እንመለስ። ከአሮጌዎቹ ማሽኖች አራቱን ወደ ኡቡንቱ አዞርናቸው፤ ለጽሑፍ ሊብረኦፊስ፣ ለፎቶ ጊምፕ ተጫነ። በሁለተኛው ቀን ጣጣው መጣ። የመድረሳው የድሮ ሥርዓተ ትምህርት የተጻፈው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የራሳቸው ኮድ ባላቸው ፎንቶች ነው። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት የሚታየው የላቲን ቁንጣቢ ነው። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን እኛ ግን ለዓመታት ጽሑፋችንን በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ስናስቀምጥ ኖረናል። ኡስታዙና ሁለት ተማሪዎች ፋይሎቹን አንድ በአንድ ወደ ዩኒኮድ እያዞሩ ነው። ለወደፊቱ የመረጡት አቢሲኒካንና ኖቶን ነው፤ ሁለቱም በክፍት የፎንት ፈቃድ የተለቀቁ ስለሆኑ ከመጽሐፉ ጋር አብሮ መስጠት ይቻላል።

አምስተኛው ማሽን የሒሳብ ክፍሉ ነው። እሱ ላይ ያለው ፒችትሪ ነው፤ ስሙ ከተቀየረ ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው፣ እኛ አገር ግን የሒሳብ ትምህርት ሁሉ በሱ የሚሰጥበት ፕሮግራም። ሒሳብ ሹሟ ሌላ አታውቅም፤ ኦዲተሩም ያንኑ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ክፍት አማራጭ እንዲሁ በአንድ ቀን አይተካም። ኮሚቴው በመጨረሻ የወሰነው፣ ሕጋዊ ፈቃድ የሚገዛበትን ወጪ በሚቀጥለው በጀት ውስጥ እንዲያስገባ፣ ገንዘቡ እስኪገኝ ድረስም ሒሳቡ ወደ ሊብረኦፊስ ሰንጠረዥ እንዲወርድ ነው። ሒሳብ ሹሟ አልተደሰተችም።

የኛ ቢሮ ግን ገና አልጨረሰም። የባነሮቹ ፕሮግራም ከሦስት ማሽኖች ላይ ወርዷል፤ አንዱ ላይ አሁንም አለ። የቪዲዮ ሥራ የሚሠራው ባልደረባችን «ሁለት ሳምንት ስጡኝ» ካለ ዛሬ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል።